የደላላው ልጅ ጣቶች

ሀምዱ የማይጠይቀው ነገር የለም። ማታቱ በሚሉት የከተማ ታክሲ ላይ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ካልሲ ነጋዴ ከሆነ፣ ካልሲው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳስመጣው፣ ግራጫው ከጥቁሩ ቀድሞ ለምን እንደሚያልቅ ሳያውቅ አይወርድም። ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ባለው የጨርቅ ሱቁ ገዢ ሲገባም መጀመሪያ የሰውዬውን አገር፣ የሰውዬውን ጎረቤት፣ የሰውዬውን የጥርስ ሕመም ይጠይቃል፤ ጨርቁ ቆይቶ ይደርሳል። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ይላል ሲከሱት። ሚስቱ ሳፊያ ግን "አንተ ሥሩ መቼ በቃህ? ነቅለህ ጉድጓዱን ትጠይቃለህ" ትለዋለች። እንዲህ ያለ ሰው የገዛ ልጁን ሥራ በዓይኑ ሳያይ ያን ያህል ዘመን መኖሩ ጉድ ነው።

ልጁ ሱፍዋን ቴኒስ ተጫዋች ነው። እስከዚህ ድረስ ሀምዱም ይገባዋል። የማይገባው፣ ሱፍዋን በጥንድ ብቻ መጫወቱ ነበር። ሁለት ሰው በወዲህ፣ ሁለት ሰው በወዲያ ሆነው ኳሷን ይቀባበሏታል። ብቻህን ግባ ቢሉት አይገባም፤ ቢገባም በመጀመሪያው ቀን ተሸንፎ ሻንጣውን እንደሚሸክፍ ራሱ በአፉ ተናግሯል።

"ታዲያ ሥራህ ግማሽ ነው ማለት ነው" አለው ሀምዱ አንድ ቀን ምሳ ላይ።

"ሙሉ ነው አባ። ዳብልስ ለብቻው ሙያ ነው።"

"ግማሽ ሜዳ አይደል እንዴ የምትጠብቀው?"

"አይደለም። እኔ የምጠብቀው ጥንዴ ዋፉላ የማይደርስበትን ነው።"

"እሱስ?"

"እሱ እኔ የማልደርስበትን።"

"ሁለታችሁም የማትደርሱበትስ?"

ሱፍዋን ሳቀ። "እሱንማ ተጋጣሚዎቻችን ይፈልጉታል።"

ሀምዱ አልሳቀም። መልሱ ስለጣመው ሌላ ጥያቄ ሲያዘጋጅ ሳፊያ ሩዙን ወደ ልጇ ገፋ አድርጋ "እስቲ ልጁን አብላው፤ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ ይሄ?" አለች።

ሱፍዋን ያደገው ሳውዝ ሲ ሰፈር ነው። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሲሚንቶው የተሰነጣጠቀ ሜዳ ነበረ፤ እዚያ ከግድግዳ ጋር ሲጫወት መሽቶ ሳፊያ ስንት ጊዜ ሄዳ አምጥታዋለች። ቁመቱ መካከለኛ ነው፤ ሰርቩም፣ ኳስ ማስጀመሪያ ምቱ፣ የሚያስፈራ አይደለም። እጁ ግን፣ እጁ ሌላ ነገር ነው። መረቡ ሥር ቆሞ ከዓይን የፈጠነ ኳስ ሲመጣበት ራኬቱ ቀድሞት እዚያው ይገኛል። አሰልጣኙ ገና ወጣት ሳለ ቁጭ አድርጎ "እግርህ ለአንድ ሰው ሜዳ አይበቃም፤ እጅህ ግን ለሁለት ሰው ይተርፋል" አለው። ሱፍዋን ሦስት ቀን አኮረፈ። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ለውድድር ገብቶ አያውቅም።

ኑሮው ይኸው ነው። ናይሮቢ ሲሆን ጠዋት ጠዋት ኪሊማኒ አንድ አፓርታማ ግቢ ውስጥ የነዋሪዎቹን ልጆች ያስተምራል። ሌላውን ጊዜ ቱኒዝያ ነው፣ ግብጽ ነው፣ ሌጎስ ነው፤ ስሙን ማንም በማይሰማው ውድድር ላይ ከዋፉላ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተው ያድራሉ። ዋፉላ የቡንጎማ ሰው ነው፤ ግዙፍ፣ ዝምተኛ፣ ሰርቩ መድፍ። ለስድስት ዓመት ስላልተለያዩ ዋፉላ በዒድ የሳፊያን ቤት ሩዝ አብሮ የሚበላ፣ ሁለተኛ ጊዜ ካልተጨመረለት የሚከፋው ሰው ሆኗል።

የጥንድ ተጫዋች ነገር እንግዲህ እንደ እርሻ በሬ ነው፤ ጓዱ ከሄደበት ምን ብርቱ ቢሆን ማሳ ውስጥ አይገባም። ውድድር ለመግባት የሁለቱ ደረጃ ተደምሮ ነው የሚታየው። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ደረጃው ከፍ ያለ አንድ የውጭ አገር ተጫዋች ዋፉላን "ከእኔ ጋር ሁን" አለው። ዋፉላ አልደበቀም፤ መጥቶ ለሱፍዋን ነገረው። ናይሮቢ ላይ የሚደረገውን ውድድር ካሸነፉ የሁለቱ ደረጃ ለትልልቆቹ ውድድሮች ይበቃል፤ አብረው ይቀጥላሉ። ከተሸነፉ ግን ይሄዳል። ሁለት ልጆች አሉት፣ ዕድሜውም አይጠብቀውም። ሱፍዋን ደግሞ ሠላሳን አልፏል፤ በዚህ ዕድሜው ከእሱ ጋር አዲስ ጥንድ ልሁን የሚል አይገኝም። ዋፉላ ከሄደ ሙያው ኪሊማኒ አፓርታማ ግቢ ውስጥ ያበቃል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሱፍዋን ለአባቱ የነገረው አርብ ዕለት ነው። ፍጻሜ ደርሰዋል፤ ጨዋታው እሑድ ፓርክላንድስ በሚገኝ አንድ ክለብ ውስጥ ነው። ሀምዱ እንደልማዱ ጠየቀ፣ ጠየቀ፣ ጠየቀ። ሱፍዋን ሁሉንም መለሰ። አንድ ነገር ብቻ አላለም፤ "ና" አላለውም። ድሮ ተማሪ ሳለ በየጨዋታው "አባ፣ ትመጣለህ?" ይል ነበር። ሀምዱም "ኢንሻአላህ" ይልና ሱቅ ይውላል። ልጁ አንድ ዘመን ላይ መጠየቁን ተወ። እውነቱን ለመናገር ጠያቂ ሰው ሁሉ ተመልካች አይደለም፤ ሀምዱ በወሬ የሚጠግብ ሰው ነበር፣ ተነግሮት የገባውን ነገር ያየው ይመስለዋል።

ያን እሑድ ግን ለሰርግ እንኳ የማይዘጋውን ሱቅ ዘጋ። ለምን ብትሉ፣ አርብ ከሰማው ሁሉ ውስጥ አንድ ያልተዋጠለት ነገር ነበረ። "ኳሷ ከመመታቷ በፊት አንዳችሁ ወዴት እንደምትሮጡ ሌላው በምን ያውቃል?" ብሎ ሲጠይቅ ሱፍዋን "እንነጋገራለን" ብሎት ነበር። "በጨዋታ መሀል ትጮሃላችሁ?" "አንጮህም።" "ታዲያ?" ሱፍዋን ስልክ ተደውሎለት ተነሣ። ሀምዱ ሁለት ሌሊት ይህን ሲያላምጥ አደረ። ሳፊያም ነገሩ ገብቷት ነጩን ኮፊያውን ከሸሚዙ ጋር አጥባ ተኩሳ ሰጠችው።

ክለቡ ሲደርስ ጨዋታው ሊጀመር ነው። ሜዳው ቀይ አፈር፣ አጥሩ አረንጓዴ ሸራ ነው። ሰው ሁሉ ከጎንና ከጎን ባለው መቀመጫ ተጠቅጥቋል። ሀምዱ ዞር ዞር ብሎ አየና ከሜዳው አናት፣ ሰርቭ ከሚያደርገው ሰው ጀርባ ያለው ዝቅተኛ መቀመጫ ባዶ መሆኑን ሲያይ ሄዶ መሀሉ ላይ ተቀመጠ። ከብት ያገላበጠ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ከኋላ ነው።

ከብት ያልኩት በከንቱ አይደለም። ሀምዱ ናይሮቢ መጥቶ ጨርቅ ከመሸጡ በፊት ሞያሌ የከብት ደላላ ነበር።

ዋፉላ ሰርቭ ሊያደርግ ቆመ። ሱፍዋን ከፊቱ መረቡ ሥር ጎንበስ አለ። በቀኝ እጁ ራኬቱን ይዟል። ግራ እጁን ግን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ፣ ወገቡ ላይ አመጣው፤ ሁለት ጣት ዘረጋ፣ ከዚያ መዳፉን ከፈተ። ተጋጣሚዎቹ አያዩትም። ዋፉላ አየና ራሱን ነቀነቀ።

ሀምዱ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ እንደገና ተቀመጠ።

ሞያሌ የከብት ገበያ ላይ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ደላላውና ገዢው በአንድ ፎጣ ሥር ይጨባበጡና ከዚያ የሚናገረው ጣት ነው። አንዷን ጣት መያዝ፣ ሁለቱን መጭመቅ፣ መዳፍ መጫን፣ ሁሉም ዋጋ አለው። ዙሪያውን የከበበው ሰው የሚሰማው አፋቸውን ነው፤ አፋቸው ደግሞ ይምላል፣ ይገዘታል፣ "በዚህስ ከምሸጣት ለጅብ ብሰጣት ይሻለኛል" ይላል። ከፎጣው ሥር ግን ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። በአፍ ቢዋሹ ንግድ ነው፤ ማንም አይቀየምም። በእጁ የዋሸ ደላላ ግን ሁለተኛ እጁን የሚሰጠው ሰው አያገኝም። ደግሞ ደላላ ከእጁ እኩል ፊቱን ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ፎጣው ፊት አይሸፍንም። ሀምዱን ያን ጊዜ "ድንጋዩ" ይሉት ነበር። ላሟ በእጥፍ ተሸጣ እንኳ ቅንድቡ አይነቃነቅም ነበር አሉ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው የልጁን እጅ ከወገቡ ኋላ ያየው። ማንም አላስተማረው! ሱፍዋን ሞያሌን የሚያውቃት ለጉብኝት ነው፤ ፎጣ ሥር እጅ አስገብቶ አያውቅም። ሀምዱ ደስታው ደረቱ ውስጥ አልበቃ አለው። ከዚያ ወዲህ ኳሷን ረሳት፤ ጣቶቹን ማንበብ ጀመረ። ጥቂት ነጥብ እንዳለፈ ገባው። የተጨበጠ እጅ "አልነቃነቅም" ነው። የተከፈተ መዳፍ "አቋርጬ እሄዳለሁ" ነው። ጣቶቹ ሰርቩ የት እንዲወድቅ ይናገራሉ። ሱፍዋን መዳፉን ሲከፍት ሀምዱ ልጁ ወደሚያቋርጥበት ጎን ዘንበል ይላል፣ ሲጨብጥ ቀጥ ይላል። "ሄደ!" ይላል በሹክሹክታ፣ ልጁ ገና ሳይሄድ።

ተራ ደርሷቸው ወደ ማዶ ሲሻገሩ እጁ ስለማይታየው ይሰለቻል፤ እስኪመለሱ ድረስ ስልኩን ይነካካል። ተጋጣሚዎቹ፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ እጅ አይጠቀሙም፤ አፋቸውን በኳስ ሸፍነው ይንሾካሾካሉ። ሀምዱ ናቃቸው።

የመጀመሪያውን ዙር ግን እነዚህ የናቃቸው ሰዎች አሸነፉ። ሱፍዋን ወደ ግራ ሲያቋርጥ ኳሷ በቀኝ ትሄዳለች፤ ቆሞ ሲጠብቅ ደግሞ በሌላ በኩል ታልፈዋለች። ያውቁት የነበረ ይመስላል። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ሱፍዋንና ዋፉላ ተጠጋግተው አንድ ነገር ተነጋገሩ። የጣቶቹ ነገር ተቀየረ። "ብራቮ" አለ ሀምዱ በሆዱ፣ "ገበያው ሲነቃ ቋንቋ መቀየር ነው።" ጥቂት ነጥብ አልፎ አዲሱንም ፈታው፤ እንደገና ቀየሩት፣ እሱንም ፈታው። ይህን ያህል የተደሰተበት ቀን ትዝ አይለውም።

ነገሩ የተገለጠለት ከዚያ በኋላ ነው። ረጅሙ ተጋጣሚ ሰርቭ ሊቀበል አጎንብሷል። ሰርቭ የሚቀበል ሰው ዓይኑ መሆን ያለበት ኳሷ ላይ ነው። የረጅሙ ዓይን ግን ኳሷ ላይ አልነበረም። ሱፍዋን ላይም አልነበረም። ከዋፉላ ጎን አልፎ፣ አረንጓዴው ሸራ ጋ፣ አንድ ቦታ ላይ ተተክሏል። ሀምዱ ምን እንደሚያይ ለማወቅ ጓጓና ወደ ኋላው ዞረ። ከኋላው ሰው የለም። እዚያ አካባቢ ያለ ነገር ቢኖር እሱና ነጭ ኮፊያው ናቸው።

ረጅሙ የሚያነበው እሱን ነው ማለት ነው። ቢሆንም ሀምዱ ነውና ማረጋገጥ አለበት። በሚቀጥለው ነጥብ ሱፍዋን እጁን ጨበጠ፤ በአዲሱም ቋንቋ አልነቃነቅም ማለቱ ነው። ሀምዱ አውቆ ወደ ቀኝ ዘንበል አለ። ረጅሙ ኳሷን ሱፍዋን ትቶት ሄዷል ብሎ ወደገመተው ባዶ ቦታ መታት። ሱፍዋን ግን እዚያው ነበረ፤ ነካ አድርጎ ጨረሳት። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ሀምዱ አላጨበጨበም። ዕድሜውን ሙሉ ፊቱ ያልተነበበ ሰው፣ ልጁን በገላው ሲሸጥ ውሏል።

መጀመሪያ ልደንዝዝ አለ። ኮፊያውን አውልቆ ኪሱ ከተተ፣ እጆቹን ጭኑ ሥር አስገባ፣ ጥርሱን ነከሰ። ሱፍዋን መዳፉን ከፈተ። የሀምዱ ትከሻ ሳይጠይቀው ሄደ። ስለ ሰው ላም ሲደራደር እሺ ይለው የነበረ ገላ ስለ ልጁ አልታዘዝ አለው። ሌላም ሐሳብ መጣበት፤ ያው የቅድሙን እየደጋገመ፣ ጣቶቹ ወደ ግራ ሲሉ ወደ ቀኝ እያዘነበለ ረጅሙን እስከ መጨረሻው ማሳሳት ይችላል። ልጁ ያሸንፋል፣ ዋፉላ ይቀራል። የሚያውቅ የለም። ይህን ሲያስብ ፊቱ ጋለ። የልጁ እጅ እውነቱን እየተናገረ እሱ በጀርባው ሊዋሽበት ነው! አንዴ ያደረጋት ራሷ አስጠላችው።

ተነሣ። ሱፍዋን በዚያች ቅጽበት ወደ ኋላው ዞር ብሎ ነበርና አባቱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መውጫው ሲሄድ አየው። ሀምዱ ግን መታየቱን አላወቀም።

ከበሩ ውጭ አስካሪው፣ የክለቡ ዘበኛ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ሀምዱ ከጎኑ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከአጥሩ ጀርባ የኳሷ ድምፅ ይሰማል፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

"ሙዜ፣ ጨዋታው አልቆ ነው?" አለው አስካሪው፣ ሽማግሌ በሚጠራበት ስዋሂሊ።

"አላለቀም።"

"የማን ወገን ነህ?"

"አንደኛው ልጄ ነው።"

አስካሪው ሻዩን አስቀመጠ። "ታዲያ ልጅህ እየተጫወተ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

ሀምዱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ሰው ጥያቄ ሲያበዛ እንዲህ እንደሚያናድድ ያን ቀን ገና ገባው።

ማየት የለመደ ሰው መስማት ብቻ ሲቀርለት ከባድ ነው። ዳኛዋ በድምፅ ማጉያ ቁጥር ትጠራለች፤ የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሕዝቡ የናይሮቢ ሕዝብ ነውና ጭብጨባው ሲበዛ ለልጁ ነው ብሎ ይገምታል፣ ጸጥ ሲል ለተጋጣሚዎቹ ነው ይላል። ሁለተኛው ዙር በታላቅ ጩኸት አለቀ። ሦስተኛው አጭር መሆኑን፣ አሥር ነጥብ ቀድሞ የደረሰ እንደሚያሸንፍ ሱፍዋን አርብ ዕለት ነግሮታል። ሰባት ለአምስት ተባለ፤ ጸጥ አለ። ስምንት ለስምንት ተባለ። ሀምዱ ሊገባ ተነሣ፤ ቆመ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ከንፈሩ ዱዓ ያደርጋል፣ ጣቶቹ ኪሱ ውስጥ ያለውን ኮፊያ ያሻሉ። ዘጠኝ ለስምንት። ኳሷ ተመታች፣ ተመለሰች፣ ተመታች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ተመታች።

ጩኸቱ አስካሪውን ሻዩን አስደፋው።

"የልጅህ ነው?" አለው።

"ይመስለኛል" አለ ሀምዱ።

ሱፍዋን የወጣው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው፤ ከሁሉ ጋር ፎቶ ተነሥቶ፣ ዋፉላን አስከትሎ። አባቱን ድንጋዩ ላይ ሲያየው ቀጥ ብሎ ቆመ።

"አለህ እንዴ? ሄድክ ብዬ ነበር።"

"የት እሄዳለሁ?"

"ስትወጣ አየሁህ። ሰለቸው አልኩ።" ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ። "ሳዋ ነው፣ ግድ የለም አባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት ይሰለቻል፤ ሁሉም ሰው ይለዋል።"

ሀምዱ አልሰለቸኝም ሊል አፉን ከፈተ። አልሰለቸኝም ካለ የወጣበትን ሊናገር ነው፤ የወጣበትን ከተናገረ የመጀመሪያውን ዙር ያስሸነፋቸው ማን እንደሆነ ሊናገር ነው።

ዋፉላ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠና በስዋሂሊ ጀመረ። "ሙዜ፣ አውቀው ነው የወጡት አይደል?"

ሀምዱ ቀና ብሎ አየው።

"ሁለታችንም አይተን ነበር" አለ ዋፉላ። "ረጅሙ ሰውዬ እርስዎን ሲያነብ። ምልክቱን ቀየርን፤ እርስዎ ፈቱት። እንደገና ቀየርን፤ እሱንም ፈቱት። ስድስት ዓመት ስንጫወት አንድም አሰልጣኝ ያን ያህል ፈጥኖ አልፈታብንም። ለሱፍዋን 'አባትህን ከዚያ እንዲነሡልን ንገራቸው' አልኩት።"

"ዋፉላ፣ ተወው" አለ ሱፍዋን።

"እንቢ አለኝ። 'አባቴ የመጣው ዛሬ ገና ነው፤ አላስነሣውም' አለኝ። 'ከተሸነፍን እኮ እሄዳለሁ' አልኩት። 'ከሄድክ ሂድ፤ እሱ ይቀመጥ' አለኝ። ፖሌ፣ ይቅርታ ሙዜ፣ በጣም ተናድጄ ነበር።"

ሱፍዋን መሬት መሬት ያያል። ጫማው ላይ ያለውን ቀይ አፈር በራኬቱ ጫፍ ይቧጥጣል። ሀምዱ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ አስካሪው ፊት፣ ዋፉላ ፊት፣ በበሩ የሚወጣው ሕዝብ ሁሉ ፊት አለቀሰ። ልጁን አንገቱን ይዞ ወደ ደረቱ ሳበው። ላቡና አፈሩ ሳፊያ ያጠበችውን ሸሚዝ አበላሸው። "ይቅር በለኝ" አለው። ለዛሬው ነው ወይስ ለእነዚያ "ኢንሻአላህ" ላላቸው ቀኖች ሁሉ፣ ሱፍዋን አልጠየቀውም።

ቆይቶ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ዋፉላን ጠየቀው።

"አሁን አብራችሁ ናችሁ?"

"አብረን ነን።"

"ቀጣዩ መቼ ነው?"

"በሚቀጥለው ወር፣ እዚሁ።"

"የት ልቀመጥ ታዲያ?"

"ከጎን" አለ ዋፉላ። "እንደ ሰው ሁሉ ከጎን ይቀመጡ።"

"ከጎን ከሆነ እጁ አይታየኝም። ምኑን አየዋለሁ?"

"ፊቱን ያያሉ፣ ሙዜ።"

ሀምዱ ወደ ልጁ ዞረ። ከጆሮ ግንዱ ላይ ጥቂት ሽበት ወጥቷል፤ ከዓይኑ ሥር ፀሐይ የሠራቸው ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ከቀትር ጀምሮ ጣቶቹን ሲያነብ ውሎ፣ ፊቱን አንድ ጊዜም አላየውም ነበር።